«ይቅርታ ይደረግልኝ» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ከዩኒቨርሲቲ መባረሬን ያወቅሁት ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ አንድ ምሽት በተማሪዎች ካፌ በተነሣው ረብሻ ተሳትፈዋል የተባሉ አሥራ አንድ ተማሪዎችን በስምና በአባት ስም ዘርዝሮ «በዲሲፕሊን ተሰናብተዋል» ይላል፤ የአያት ስምም ሆነ የመታወቂያ ቁጥር አልተጻፈበትም። የእኔና የአባቴ ስም ደግሞ በወሎ ከየቤቱ የማይጠፋ ነው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ መካከል ቆሞ ለሚጠራው ሦስት አራት ሰው «አቤት» ይለዋል። በግቢያችንም በሌላ ዲፓርትመንት በሁለቱም ስም ሞክሼዬ የሆነ ተማሪ ነበር። ረብሻው በተነሣበት ምሽት እኔ ከዲፓርትመንቱ ፈቃድ ወስጄ ለአያቴ ሶደቃ ደሴ ነበርኩ።

ነገሩ በአንድ ቀን የሚስተካከል መስሎኝ ስሕተት በስሕተት ላይ ደራረብኩ። ፕሮክተሩ ዶርሙን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንድለቅ ሲነግረኝ ምንም ሳልጠይቅ ክሊራንስ ጨርሼ መታወቂያዬን መለስኩ። ከሞክሼዬ የሚለየኝ ቁጥር ያለው በዚያ መታወቂያ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን ሲወጣ ነው፤ ደግነቱ ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ከግቢው ከመውጣቴ በፊት በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጥግ ቆሜ በግማሽ ሰዓት የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። የእናቴን ብቸኝነትና የቤታችንን ችግር ዘርዝሬ፣ በዕለቱ የነበርኩበትን ቦታ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ፣ «ይቅርታ ተደርጎልኝ ወደ ትምህርቴ እንድመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ቀሪ አላስቀረሁም፤ ገቢ ቁጥርም አልጠየቅሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በስልክ ያገኘሁት መልስ «ይቅርታ መጠየቅህ ጥፋቱን ማመንህ ነው» የሚል ሆነ።

እናቴ «አብሽር፣ ያልፋል» እያለች ታጽናናኛለች፤ እኔ ግን ሰው ፊት መውጣት አፍሬ ነበር። መላውን ያገኘሁት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለረጅም ዓመታት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ጎረቤታችን ነው። የሆነውን ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ነው፤ አንተ የምትጽፈው አቤቱታ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም የስንብት ደብዳቤውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አልነበረኝም። ለካስ በእጄ የደረሰ ውሳኔ አልነበረም።

አንድ ጓደኛዬ የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ሌጂስሌሽንና የተማሪዎች የዲሲፕሊን ደንብ በቴሌግራም ላከልኝ። ደንቡ ለተከሰሰ ተማሪ ክሱ በጽሑፍ እንዲደርሰውና ቀርቦ እንዲሰማ ያዛል፤ የይግባኙም ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያባከንኩት ሦስት ሳምንት እንደፈራሁት ሁሉን ነገር አላበላሸም። ዩኒቨርሲቲዎች ደንባቸውም የይግባኝ ቀናቸውም ስለሚለያይ፣ የሌላ ግቢ ተማሪ የነገረኝን ይዤ ብጽፍ ኖሮ ሌላ ጣጣ አመጣ ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ አስተዳደራዊ ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩ እንዲሰማና ምክንያቱም እንዲገለጽለት የሚጠይቀውን የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አሳዩኝ፤ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ያለ ክፍያ እንደሚቀበል ነገሩኝ። እኔ ሁሉንም በመጀመሪያው መስመር ልደረድረው ስል «አስቀድመህ አታስፈራራ፤ መልስ ካጡ በሚቀጥለው ትጽፈዋለህ» ብለው አዋጁን ብቻ፣ እሱንም ወደ መጨረሻው አወረዱት።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስሜ እስከ አያት ከነመታወቂያ ቁጥሬ፣ የማስታወቂያው ቀን፣ በዕለቱ የነበርኩበት ቦታ፣ የፈቃዱ ወረቀት ቁጥር፤ ከዚያም ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ማስረጃው እንዲገለጽልኝና ቀርቤ እንድሰማ መጠየቄ። ስለ ድህነታችን አንድም ቃል የለበትም። እጅግ የከበደኝ የሞክሼዬ ነገር ነበር። ስሙንና ዲፓርትመንቱን ብጠቁም ጉዳዬ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን እሱም ካፌው ውስጥ መኖሩን አላየሁም፣ እኔን ሳይሰሙ እንዳባረሩኝ እሱንም ሳይሰሙ ማባረር አያቅታቸውም። ስለዚህ «በዝርዝሩ የተጠቀሰው ሰው እኔ ስለመሆኔ የተረጋገጠበት ማስረጃ ይቅረብልኝ» ብዬ ብቻ አለፍኩት። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ደብዳቤ የምወደው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው።

ፒያሳ አስተይቤ ወደ ግቢው ስሄድ ጥበቃው ያለ መታወቂያ አላስገባ አለኝ። ከደጅ ተመልሼ፣ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የተጻፈውን ዋናውንና ለሬጅስትራርና ለተማሪዎች ዲን የተደረጉትን ግልባጮች ደሴ ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላክኋቸው። የፖስታ ቤቱን ደረሰኞች ከቀሪው ጋር ሰፍቼ አስቀመጥኩ። ኋላ «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ሲሉኝ የደረሰኙን ቁጥር በስልክ ባነብላቸው በማግሥቱ ተገኘ።

ኮሚቴው ፊት የቆየሁት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሰብሳቢው የፈቃዱን ወረቀት ገልብጠው አዩት፣ ከዲፓርትመንቱ ፋይል ሌላኛውን ቅጂ አስመጥተው አስተያዩት፣ ከዚያም «ለምን በመጀመሪያ እንዲህ ብለህ አልጻፍክም?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ አልመለስኩም።

ስንብቱን የሚሽረው ደብዳቤ ሲደርሰኝ የሴሚስተሩ ምዝገባ አልፎ ነበር። እስከሚቀጥለው ድረስ ኮምቦልቻ ወርጄ በአጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ ስይዝ ቆየሁ። ስለባከነው ሴሚስተር ሌላ ማመልከቻ ከዚያው ሆኜ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ ገቢ ቁጥርም ማኅተምም አለበት፣ መልስ ግን እስካሁን አልመጣለትም።