የባቲ ግመል በእንግሊዝኛ

«የዘንድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ አይችልም» የሚለውን ስሞታ በየመምህራን ክበቡ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ደሴ ላይ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከፊቴ የሚቀመጡት ልጆች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ አንብበው፣ በእንግሊዝኛ ተፈትነው ነው እዚህ የደረሱት። ቃሉን ያውቁታል። የግሡን ጊዜያት አንዳንዶቹ በቃላቸው ይዘረዝሩታል። ያልገጠማቸው ነገር ቢኖር ለአንድ ሰው የማያውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ መንገር ነው።

ከየት ይገጥማቸዋል? የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀቱ ምርጫ ነው፤ ከተሰጡት አማራጮች ትክክለኛውን መለየት። በአንደበት የሚመለስ ጥያቄ የለበትም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀበት የሁለተኛ ደረጃ መምህር የማይፈተነውን ትቶ ወደሚፈተነው ቢያደላ አልፈርድበትም።

የሚያስቆጨኝ እኛ ዘንድ ከደረሱ በኋላ የምናደርገው ነው። «ተነስና ስለ ራስህ ተናገር» እንላለን። «የከተማና የገጠር ኑሮን አወዳድሪ» እንላለን። ልጁ ይነሳል፤ ክፍሉ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ክፍሉ በሙሉ በማያዳምጥበት ሰዓት ይናገራል። የሚያዳምጠው መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያዳምጠው ስህተት ለመልቀም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዝም ማለት ፍርሃት አይደለም፤ አስተዋይነት ነው። ሰው የሚናገረው የሚነግረው ሲኖረው፣ የሚሰማውም ሰው ነገሩን ሲፈልገው ነው። የንግግር ልምምድ ስናዘጋጅ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብን «ማን ምን ያውቃል? ማንስ ያንን ማወቅ ይፈልጋል?» ብለን ይመስለኛል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በሃምሳ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ተራ በተራ እናናግር ብንል ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይደርሰውም። ጥንድ ጥንድ ካደረግናቸው ግን በዚያው ሃምሳ ደቂቃ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ያህል ሊናገር ይችላል። ጫጫታው ለጎረቤት ክፍል ይተርፋል፤ እኔ አስቀድሜ ለጎረቤቱ መምህር እነግራለሁ።

በጣም የምወደውን ልምምድ ላሳያችሁ። ባቲ በየሰኞው የሚቆመውን ገበያ የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ ከቆላው የአፋር አርብቶ አደር፣ ከደጋው ገበሬ፣ ኦሮሞውም አማራውም አርጎባውም የሚገናኝበት፣ ግመል የሚሸጥበት ገበያ ነው። ሁለት ዓይነት ካርድ አዘጋጃለሁ። በሻጩ ካርድ ላይ የግመሉ ዕድሜ፣ ከዚህ በታች እንዳትሸጥ የሚል ዋጋ፣ እና አንድ ምስጢር ተጽፏል፦ «ግመሉ የኋላ ግራ እግሩን ታሞ ድኗል፤ ካልተጠየቅህ አትናገር፤ ከተጠየቅህ ግን አትዋሽ።» በገዢው ካርድ ላይ ደግሞ በኪሱ ያለው ገንዘብ፣ ግመሉን ለምን እንደሚፈልገው፣ እና ዛሬ ሳይገዛ ቢመለስ ምን እንደሚያጣ ተጽፏል። የሻጩ ዝቅተኛ ዋጋና የገዢው ከፍተኛ ዋጋ እንዲገናኙ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ግን ለጥቂት ነው የሚገናኙት። ተከራክሮ ያልደረሰበት ጥንድ ባዶ እጁን ይመለሳል። ካርድ ማሳየት አይፈቀድም።

አንድ ዓመት ከባቲ አካባቢ የመጣ ልጅ ነበር፤ ከኋላ ወንበር አይነሳም፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ዝም ነው። በዕጣ ገዢ ሆነ። ሻጯ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ የሚፈስ ልጅ ነበረች። ግመሏን በሚያማምሩ ቃላት አሞገሰች። እሱ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ኦፕን ሂዝ ማውዝ» አላት። ግራ ገባት። «ለምን አፉን?» አለችው በእንግሊዝኛ። ይህን ጊዜ ልጁ መናገር ጀመረ። የግመል ዕድሜ የሚታየው በጥርሱ መሆኑን፣ ሻኛው ሞልቶ ካልቆመ በቂ እንዳልበላ፣ ግመል ቆሞ ብቻ እንደማይገዛ፣ እየተራመደ መታየት እንዳለበት። ቃል ሲያጥረው በጣቱ ያሳያል፤ እሷ ቃሉን ታቀብለዋለች፤ እሱ ተቀብሎ ይቀጥላል። «ሂ ወክ፣ አይ ሲ» አላት በመጨረሻ፤ አስኪጂውና ልየው ማለቱ ነው። እሷም ካርዱ እንዳትዋሽ ስለሚያዝዛት የእግሩን ነገር ለመናገር ተገደደች። ዋጋው ወረደ።

የሆነውን ልብ በሉ። በሰዋስው ፈተና ብናወዳድራቸው እሷ በሰፊው ትበልጠዋለች። ግመሉ መካከላቸው ሲገባ ግን የሚያውቀው እሱ፣ መጠየቅ ያለባት እሷ ሆኑ። ለእሱ ዕድል ነበር፤ ለእሷም ጭምር፤ ምክንያቱም ቋንቋዋ ጥሩ የሆነ ተማሪ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መጠየቅና ያልገባውን ማጣራት ነው። በምርጫ ወረቀት ደግሞ ይህ አይለካም።

ይህ ሐሳብ ከእኔ የመነጨ አይደለም። ህንዳዊው የቋንቋ ትምህርት ምሁር ፕራቡ ከ1979 እስከ 1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በደቡብ ህንድ ትምህርት ቤቶች፣ ትልልቅ ክፍሎች ባሉበት፣ ቋንቋን በተግባር ሥራ የማስተማር ፕሮጀክት መርተዋል። ልምምዶቹን በሦስት ከፈሏቸው፦ አንዱ የያዘው መረጃ ለሌላው የሚተላለፍበት፣ ከተሰጠው መረጃ በማመዛዘን አዲስ ነገር የሚደረስበት፣ እና የግል አስተያየት የሚገለጽበት። እሳቸው በተለይ ያመኑበት ሁለተኛውን ነው። አስተያየት ብቻ የሚጠይቀው ልምምድ ለጀማሪ ይከብዳል፤ የሚይዘው ነገር የለውምና። እኛ ግን የምንጀምረው በሦስተኛው ነው። «ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ምን ታስባላችሁ?» ብለን ክፍሉ ጸጥ ሲል እንገረማለን።

በማመዛዘን ለሚሠራው እኔ የማቀርበው የእንግዶች ጉዞ ነው። አራት እንግዶች እሑድ ቀትር ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይደርሳሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ። ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ አንዱ አረጋዊ ናቸው፣ ብዙ መራመድ አይችሉም። የባቲን ገበያ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳምና ደሴን ማየት ይፈልጋሉ። መኪናው አንድ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ብቻ ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርት ማዕከል የነበረ ታላቅ ገዳም ነው፤ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም። ታዲያ ወንዶቹ ገዳሙን ሲያዩ ሴቶቹ የት ይቆዩ? ሐይቁን በጀልባ ይዩ? አረጋዊውስ ገበያው መካከል ፀሐይ ላይ ይቁሙ? አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም፤ የማያስኬድ መልስ ግን ብዙ አለው። ተማሪዎቹ «እንደዚያ ካደረግን ይህ ይቀርብናል» ለማለት ሲሉ ለዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቁትን የሁኔታ ዐረፍተ ነገር በአፋቸው ሲያወጡት መስማት ደስ ይላል።

ከመናገር በፊት ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን የአገራችን የቅኔ ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ የዋድላ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው ገለል ብሎ፣ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት በሚያልቀው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። ድንገት ተነስተህ ተቀኝ የሚለው የለም። በቋንቋ ምርምርም ፎስተርና ስኬሃን በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት አሥር ደቂቃ የመዘጋጃ ጊዜ ያገኙ ተማሪዎች ካላገኙት ይልቅ ሳይደናቀፉ፣ በረቀቀ ዐረፍተ ነገርም ሲናገሩ ታይቷል። በዚያች አሥር ደቂቃ እኔ ቋንቋ አልከለክልም። ከከሚሴ የመጡት በኦሮምኛ ይመካከሩ፣ ሌሎቹም በአማርኛ። ቃል ፈልገው ይጠይቁኝ። ልምምዱ ሲጀመር እንግሊዝኛው ይጀመራል። አማርኛ የተናገረ ብር ይክፈል የሚል ቅጣት የሚጥሉ መምህራን አሉ፤ ያ ቅጣት የሚያስተምረው ዝምታን ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው መድገም ነው። ኪት ሞሪስ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስተዋወቀው፣ ፖል ኔሽንም በኋላ ያጠናው አሠራር አለ፦ ተማሪው አንድን ታሪክ ለአንድ ሰው በአራት ደቂቃ፣ ያንኑ ለሌላ ሰው በሦስት፣ ያንኑ ለሦስተኛ ሰው በሁለት ደቂቃ ይናገራል። አድማጩ ስለሚቀያየር ታሪኩ ለሰሚው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተቸነከሩ ስለሆኑ ተማሪዎቼን ወደ ውጭ አወጣቸዋለሁ፤ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ አንዱ ረድፍ አንድ ሰው ወደ ቀኝ ይዛወራል። የደሴ ጉም የወረደ ዕለት ጋቢ ለብሰው ይወጣሉ። በመጀመሪያው ዙር «እ… እ…» የበዛበት ተማሪ በሦስተኛው ዙር አንድም ሳይቆም ሲናገር ራሱ ይሰማዋል። እኔ ማሞገስ አያስፈልገኝም።

እርማትን በተመለከተ አቋሜ ቁርጥ ያለ ነው፤ በንግግር መካከል አልገባም። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ በጥንዶቹ መካከል እዞራለሁ፣ የሰማሁትን እጽፋለሁ። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ስምንት ያህሉን የማንም ስም ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ አሰፍራለሁ። ከነዚያ ሁለቱ ያለ ስህተት የተነገሩ፣ ያማሩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። የቱ ትክክል እንደሆነ፣ የቱ መታረም እንዳለበት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለያሉ። ያኔ ነው ክፍሉ ለሰዋስው የሚነቃው፤ እየተወያየበት ያለው የራሱ ንግግር ስለሆነ።

አሁን ስለ ቡድን ሥራ። «አንድ ለአምስት» የሚባለውን አደረጃጀት ተማሪዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቁታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያጽፋሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱም የቡድን ገለጻ በተባለ ቁጥር አንዱ የሸመደደውን ይወጣል፣ አራቱ አጠገቡ ይቆማሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ሥራውን እንዳይጠቀለል አድርጎ መቁረጥ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሊዮት አሮንሰን በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦስቲን ከተማ ውስጥ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው መማር በጀመሩበት ውጥረት መካከል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱን አንድ ቁራጭ ብቻ በመስጠት እርስ በርስ እንዲፈላለጉ አደረገ። እኔ በአራቱ ቅኝቶች እሞክረዋለሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፤ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም የያዙ። አራት ልጆች፣ አራት ወረቀት፣ አንድ ቅኝት ለአንድ ልጅ። ከዚያ በስልኬ ክራር አሰማለሁ፤ የትኛው ቅኝት እንደሆነ ተስማምተው፣ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አለባቸው። አንዱ ወረቀቱን ካላካፈለ መልሱ አይገኝም።

ውጤት ስሰጥም ክፍሉ ፊት አላቆማቸውም። ሁለት ሁለት ሆነው ቢሮዬ ይገባሉ፣ ያላዩትን ካርድ ያነሳሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ተዘጋጅተው ስድስት ደቂቃ ይነጋገራሉ። ለስልሳ ተማሪ ሦስት ሰዓት፣ ከመዘጋጃው ጋር ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ግማሽ ቀን ነው፣ ግን ያዋጣል። ነጥቡን የምሰጠው ነገሩ መተላለፉን፣ ያልገባቸውን መጠየቃቸውን፣ ባልደረባቸውን ማናገራቸውን አይቼ ነው። ትክክለኛነት ከአራቱ አንዱ እንጂ ሁሉም አይደለም። ባልደረባውን አፍኖ ብቻውን ለሚያወራ ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ይህን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ጓደኛዬ ዝም ካለ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያውቀውን ጠይቂው አልኳት።

የግመሉን ካርድ ልትጠቀሙበት የምትፈልጉ መምህራን እንደ አካባቢያችሁ ለውጡት፤ ሳይንት ወረዳ ለምታስተምሩ በበግ ወይም በበቅሎ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ግን በየዓመቱ አድሱት፤ ከገበያው አካባቢ የመጡትን ልጆች አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ካረጀ ከባቲ የመጣው ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ያውቅባችኋል፣ ክርክሩም ያበቃል።