ለባለሥልጣን የሚገባ ሚዛን

ዩቲሊታሪያኒዝምን፣ ማለትም ድርጊትን በሚያስከትለው ደስታና ሥቃይ የሚመዝነውን ፍልስፍና፣ በአማርኛ ላብራራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚደናቀፈው በስሙ ነው። «ጥቅመኝነት» ብንለው፣ በእኛ ቋንቋ ጥቅመኛ የሚባለው የራሱን ኪስ የሚያደልብ ሰው ነውና ሐሳቡን ገልብጠን እንናገራለን። የዚህ ሐሳብ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንተም እ.ኤ.አ. በ1789 ያሳተመው መጽሐፍ የሚጠይቀው ውሳኔው የሚነካው ሰው ሁሉ ደስታና ሥቃይ እንዲመዘን፣ የወሳኙም ከሌላው ሳይበልጥ እንዲቆጠር ነው። ስለዚህ ባዕዱን ስም እንዳለ እጠቀምበታለሁ።

ሚዛኑ ለግል ሕይወት ይከብዳል የሚሉትን አልሞግትም፤ እናት የራሷን ልጅ ከማታውቃቸው ሁለት ልጆች ብታስቀድም የሚፈርድባት የለም። ባለሥልጣን ግን በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ስም ለማያውቃቸው ሰዎች የሚወስን በመሆኑ፣ የቅርቤ የሚለውን ቢያስቀድም አድልዎ ይባልበታል። እንደ ጲላጦስ እጁን ታጥቦ ዞር ቢል እንኳ የመታቀቡን ዋጋ የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው።

በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት እንውሰድ። የተዳከመ ነገር ግን ሕያው ቫይረስ ስለያዘ፣ በግምት ከ2.7 ሚሊዮን ክትባቶች በአንዱ ራሱ ሽባነትን ያስከትላል፤ የተፈጥሮው ቫይረስ ደግሞ ከያዛቸው 200 ሰዎች አንዱን ገደማ ለዘለቄታው ሽባ ያደርጋል። ክትባቱን የሚፈቅድ ሚኒስትር አንድ ቦታ አንድ ልጅ በውሳኔው ምክንያት እንደሚጎዳ ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ብቻ አያውቅም። «ማንንም አትጉዳ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ቢሆን ክትባቱን ያስከለክለው ነበር። የተፈጥሮው ቫይረስ ከአንድ አገር ከጠፋ በኋላ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2000 በአፍ የሚሰጠውን ትታ በመርፌ ወደሚሰጠው ክትባት ዞራለች። ያው ድርጊት ትናንት ትክክል፣ ዛሬ ስሕተት የሆነበትን ምክንያት ከመዘዙ ውጭ ምን ሊያስረዳን እንደሚችል አይታየኝም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያነሣው ነው፦ የሁሉንም ደስታና ሥቃይ በአንድ ላይ መደመር እያንዳንዱ ሰው ራሱን የቻለ ሰው መሆኑን ይውጣል። በከፊል እመልስለታለሁ። መንግሥት የሚወስነው ጸንተው በሚቆዩ ሕጎች ነው፤ «ያዋጣል» ባለ ጊዜ ንጹሕን ሰው መሠዋት የተፈቀደለት መንግሥት ዜጎቹን ሁሉ በፍርሃት ያኖራል፣ የሚያዋጣውን የሚተምኑትም ብዙ ጊዜ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። መብትን በሕግ ማጠር በዚሁ ሚዛን ይደገፋል።

ሆኖም በክትባቱ የተጎዳው ልጅ ሌሎች በመዳናቸው አይካስም። ካሳው ከሕዝብ ግምጃ ቤት ሊከፈለው፣ ወጪውም ክትባቱ በተፈቀደበት ዕለት አብሮ ሊሰላ ይገባል።