ማሾ ያልዘራው ቀበሌ

በልማት ሠራተኝነት የሠራ ሰው የትኛውን ቅፅ እንደምል ሳልነግረው ያውቀዋል። ለሌላው ይህን ያህል ይበቃል፦ ቅፁ ላይ ለአንድ ማሳ አንድ መስመር አለው። መስመሩ ላይ "የሰብል ዓይነት" የሚል ሳጥን አለ። ሳጥኑ አንድ ስም ብቻ ይችላል።

ቦታው ወሎ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ ያለው ቆላ። ቀበሌው ይቅር። የማሽላ አገር ነው። ማሾ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ግን ገበሬው ከማሽላው ይልቅ የማሾን ዋጋ ነው በስልክ የሚጠያየቀው።

እዚያ አንድ ገበሬ አሉ፤ አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ማሽላቸውን ሚያዝያ ላይ ይዘራሉ። ሐምሌ መባቻ ሽልሻሎው፣ ማለት የበቀለውን ማሽላ መሃል ለመሃል በበሬ ማረሱ፣ እንዳለቀ፣ በማሽላው መስመሮች መሃል ማሾ ጣል ያደርጋሉ። መስመር ከመስመር 75 ሳንቲሜትር ነው፤ መሃሉ ካልተዘራበት አረም ይወርሰዋል። ማሾ ከ60 እስከ 75 ቀን ቢሰጡት ይደርሳል። ስለዚህ መስከረም ላይ ማሾው ይለቀማል፤ ማሽላው ደግሞ እስከ ኅዳር ብቻውን ይቆያል።

አንድ ጊዜ ማሾዋን ነቅዬ ሥሯ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች አሳየኋቸው። በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ነው። "ይሄ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው አያ፣ ከአየር ናይትሮጂን እየያዘ ነው" አልኳቸው። የማሽላን ሥር እየጠባ የሚያደርቀውን አረም፣ አቀንጭራንም አነሳሁላቸው። አንዳንዱ ጥራጥሬ የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ ያበቅለዋል፤ አጠገቡ የሚጣበቅበት የማሽላ ሥር ካላገኘ እዚያው ይሞታል።

"ማሻአላህ" አሉ። ከዚያ ማሾዋን ተቀብለውኝ መልሰው ሊተክሏት ሞከሩ። "መስከረም ላይ የማዳበሪያ ዕዳዬን የሚከፍለው ግን ፍሬዋ ነው። ሁለተኛ አትንቀልብኝ።"

ልክ ናቸው። እኛ ስለ አፈር ለምነት እንሰብካለን፤ ገበሬው የሚያስጨንቀው ማሽላ ሳይደርስ የሚመጣው መስከረም ነው። ደብተር፣ ዕዳ፣ የባዶ ጎተራ ወር። ደግሞም ማሾ ከያዘው ናይትሮጂን ብዙው ከፍሬው ጋር ገበያ ይሄዳል። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ለከብት የሰጠ ሰው መሬቱ ላይ የሚተወው ጥቂት ነው። አያ ቆባውን ብቻ ነው በእጅ የሚለቅሙት፤ ማሾ ሁሉም በአንዴ ስለማይደርስ ዞር እያሉ ይለቅማሉ። ቅጠሉና ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል። እኔ አፈር ጥበቃ ብዬ እመዘግበዋለሁ። እሳቸው "ማን ጎንበስ ብሎ ይነቅላል" ነው የሚሉት።

እንግዲህ በዚያ ክረምት ከበላይ አንድ ገምጋሚ መጣ። ጫማው አዲስ ነው፤ መሬቱ እግር የሚይዝ ዋልካ ነው። ከማሳው ዳር አልፎ አልገባም።

"ይሄ አረም ለምን አልታረመም?"

"ማሾ ነው" አልኩት።

"ማሽላ ነው የተባለው እኮ።"

"ማሽላም ነው።"

ቅፁን አወጣ። "አንዱን ምረጥ።"

ግማሽ ግማሽ እንመዝግበው አልኩ። "የማሽላው መሬት ግማሽ ነው እንዴ?" አለኝ። አይደለም። ሁለቱንም በሙሉ እንመዝግብ አልኩ። "ታዲያ ቀበሌያችሁ ተለጠጠች?" አለና ራሱ ሳቀ። እኔም በእልህ ሒሳቡን ልነግረው ጀመርኩ። ማሽላው ብቻውን ሲዘራ ከሚሰጠው 80 በመቶ ቢሰጥ፣ ማሾውም ብቻውን ከሚሰጠው 50 በመቶ ቢሰጥ፣ ያ አንድ ሄክታር የ1.3 ሄክታር ሥራ ሠራ ማለት ነው።

"0.3ቷን ከማን ወረዳ ነው የወሰድካት?"

አያ እስከዚህ ድረስ ዱላቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ነበር። "ልጄ" አሉት፣ "ላም ከነጥጃዋ ብትቆጥር ስንት ትላለህ?"

"ሁለት።"

"በረቱስ?"

"አንድ።"

"እንዲያ ብለህ ጻፍላቸዋ።"

ገምጋሚው አያን አየ፣ ቅፁን አየ። እውነት ለመናገር ለአፍታ ያሸነፍን መስሎኝ ነበር። ከዚያ "አባቴ፣ የበረት ሳጥን የለውም" አለና "ማሽላ" ብሎ ጻፈ። እኔንም አስፈረመኝ። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሰብል አንድ ላይ ለሚዘሩበት ለኩታ ገጠም ደግሞ ይሄ ማሳ እንደማይመች፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ በቃል ማሳሰቢያ ሰጠኝ። ጎረቤቶቹም እኮ ከሥር ማሾ ዘርተዋል። አልነገርኩትም። ሁሉም "ማሽላ" ተብለው ተመዘገቡ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የዚያ ቀበሌ ሰው ማሾውን በአህያ እየጫነ ገበያ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይዘቱ በአጭሩ፦ በቀበሌያችሁ ማሾ የተዘራበት መሬት ዜሮ ሄክታር ሆኖ ሳለ ለገበያ የቀረበው ማሾ ከየት እንደመጣ ይገለጽልን። ከሌላ አካባቢ በሕገወጥ መንገድ የገባ ስለመሆኑም ጥርጣሬ አለ ይላል።

ደብዳቤውን ለአያ አነበብኩላቸው። ቀስ ብለው ሰሙኝና "ወላሂ፣ የማሾ ኮንትሮባንዲስቶች ነን በላ!" ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም። መልስ መጻፍ ያለብኝ እኔ ነኝ። ጻፍኩም፦ "ማሾው የመጣው ከማሽላው ሥር ነው።" አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ጓደኞቼ ጨምርበት፣ ያስጠይቅሃል ብለውኝ ነበር። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። መልሴን የሚያስቀምጡበት ሳጥንም ሳይጠፋ አልቀረም።

በዓመቱ ሥልጠና ተጠራን። ርዕሱ ሰብልን አሰባጥሮና ደራርቦ መዝራት። አሠልጣኙን አወቅኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ጫማው አሮጌ ነው። ሦስተኛው ስላይድ ላይ የአያ ማሳ ወጣ፤ ከዳር ሆኖ የተነሳ ፎቶ። "ይህን አሠራር አካባቢው ላይ ስናስተዋውቅ መጀመሪያ ተቃውሞ ገጥሞን ነበር" አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ እግሬን ረገጠችኝ፤ ተናገር ስትል ይሁን ዝም በል ስትል አላውቅም።

ጥያቄ አለኝ ብዬ እጄን አወጣሁ። ቅፁስ ተሻሽሏል ወይ አልኩት። በሂደት ላይ ነው አለ። ሻይ ሰዓት ሆነ፣ አበሉን ፈርሜ ተቀበልኩ።