ለአሮጌ ኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ እንዴት መረጥኩ

ኮምፒውተሬ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፣ 4570 የሚባለው። ኢንቴል ፕሮሰሰሩን ያወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን አራት ኮር አለው። 8 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የምስል ሥራን ከፕሮሰሰሩ የሚቀበል ለብቻው የሚሰካ ክፍል አልነበረውም፣ ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነበር። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ምንም አላስቸገረኝም። ችግሩ የመጣው 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ይዤ ሁሉንም ፎቶ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል ማንሳት ስጀምር ነው።

ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ብርሃኑን ለማስተካከል ስላይደሯን ስጎትት ምስሉ ቆይቶ ነው የሚከተለኝ። የሰው ዓይን ጥርት ማለቱን ለማየት መቶ በመቶ ሳጎላው ደግሞ ደብዝዞ ይቆምና ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይጠራል። ሦስት ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። 600 ፎቶ ለመልቀም ስትቀመጡ ግን በመጠበቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

ሁሉም ሰው «ግራፊክስ ካርድ ግዛበት» አለኝ። እኔም ብዙ ሳልጠይቅ ገዛሁ። ያገለገለ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ትልቅ ካርድ ነበር። ቤት ወስጄ ኬዙን ስከፍት ካርዱ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፣ የእኔ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ የሚባል ነገር የለውም። ሻጩ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ሰጠኝ። ደግነቱ ከመሰካቴ በፊት አነበብኩ። ሳታ የሚባለው የሃርድ ዲስኩ የኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ያህል ነው፣ ባለ 8 ፒኑ ግን እስከ 150 ዋት ሊስብ ይችላል። በዚያ ቀጭን ገመድ ላይ ይህን ያህል መጫን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። አዳፕተሩን ጣልኩት፣ ካርዱንም መለስኩ። እንዲህ ያለ አዳፕተር ቢሰጧችሁ እባካችሁ አትሰኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ረጋ ብዬ ማየት የጀመርኩት። ላይትሩምን ከፍቼ ከጎኑ የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር፣ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚያሳየውን አስቀመጥኩ፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ሳልፍ የዲስኩ መስመር ዘሎ መቶ ላይ ይሰቀላል። ራሙ ጭራሽ ሞልቷል። ብራውዘር አብሮ ከተከፈተማ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ያራግፋል፣ ዲስኩም ያኔ ነው ጨርሶ የሚያቃስተው። ስላይደር ስጎትት ደግሞ ፕሮሰሰሩ አራቱም ኮር መቶ ይሞላል። ለካ አንድ በሽታ አልነበረም፣ ሦስት ነበር። የሚገርመው ካርድ የሚያድነው ሦስተኛውን ብቻ ነው፣ እሱንም በከፊል።

ስለዚህ ካርዱን ትቼ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ገዛሁ። ዊንዶውሱን፣ ላይትሩሙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካታሎጉን (ላይትሩም የፎቶዎቹን መዝገብ የሚይዝበትን) እና ፕሪቪው (ለማየት የሚያዘጋጃቸውን ምስሎች) የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ወደዚያ አዛወርኩ። ፎቶዎቹ ራሳቸው ሃርድ ዲስኩ ላይ ቢቀሩም ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ቀጥሎ ራሙን 16 አደረስኩት፣ ሁለት ባለ 8። ማዘርቦርዴ ኤች81 ስለሆነ ሁለት የራም ቦታ ብቻ አለው፣ ከ16 በላይም አይቀበልም። እውነቱን ለመናገር ዕለታዊ ሥራዬን በጣም ያቀለሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ እየሠራችሁ ስለ ግራፊክስ ካርድ የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ጋ ቁሙ።

የቀረው የስላይደሩ መጎተትና ዲኖይዝ ነው። ዲኖይዝ ላይትሩም ላይ በኤፕሪል 2023 የመጣው፣ በጨለማ የተነሳ ፎቶን ነጠብጣብ በኤአይ የሚያጠራው ነው። ማታ ማታ ብዙ ስለማነሳ እሱን በጣም ፈልጌው ነበር። ሥራው ሁሉ የሚወድቀው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። የእኔ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ደግሞ ዳይሬክትኤክስ 12 (ፕሮግራሞች ግራፊክሱን የሚያዙበት የዊንዶውስ ክፍል) የለውም፤ ኢንቴል ለ4ኛ ትውልድ ይህን ድጋፍ በደህንነት ክፍተት ምክንያት ኋላ በወጡ ድራይቨሮች (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋር በሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ዘግቶታል። ላይትሩም ደግሞ ካርዱን ለመጠቀም ዳይሬክትኤክስ 12 ይጠይቃል። እዚህ ላይ ካርድ የግድ ሆነ።

አሁን ምርጫው ራሱ። ያጠበበልኝ ኃይል ነው። ፓወር ሰፕላዬ 300 ዋት ነው፣ የካርድ ገመድ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ስሎት በራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራ ካርድ ብቻ ነው የሚሆነኝ። ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻ ዝርዝሩን ከመቶ ወደ አራት አምስት አወረደችው።

መጀመሪያ አርኤክስ 6400 የሚባለውን ካርድ አየሁ። ትንሽ ነው፣ 53 ዋት ነው፣ ቀጭን ኬዝ ውስጥም ይገባል። ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ብዙም አያስጨንቅም፣ ኤች81 ላይ ግን ስሎቱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ስለሆነ በ4 መስመር የሚያልፈው በሰከንድ 2 ጊጋባይት ያህል ነው። ለአሮጌ ማሽን አልወደድኩትም። ኢንቴል አርክ ኤ380 ደግሞ 6 ጊጋባይት ሚሞሪ ይዞ ዓይኔን ስቦት ነበር። ሪሳይዘብል ባር የሚባል የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አማራጭ ካልተከፈተለት ግን በደንብ አይሠራም፣ የእኔን ያህል ያረጁ ማዘርቦርዶች ደግሞ ይህ አማራጭ የላቸውም። እሱንም ተውኩት።

ሁለት ቀሩ፦ ጂቲኤክስ 1650 እና ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050። ስሙን ልብ በሉ። 3050 የሚባል ባለ 8 ጊጋባይትም አለ፣ እሱ ገመድ ይፈልጋል። በ2024 የወጣው ባለ 6ቱ ግን 70 ዋት ነው፣ ያለ ገመድም ይሠራል።

ጓደኛዬ 1650 ስላለው ለሁለት ቀን አዋሰኝ። በዚህ በጣም አመሰግነዋለሁ፣ ከማንኛውም የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ይልቅ ያስተማረኝ ይህ ነው። የራሴን ፎቶ፣ በራሴ ማሽን። ስላይደሮቹ ወዲያው ቀለሉ፣ አሁን እጄን ተከትለው ይሄዳሉ። ለዚያ ብቻ ቢሆን 1650 ይበቃኝ ነበር። ዲኖይዝ ላይ ግን አንድ ፎቶ ሁለት ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ምክንያቱ ይገባኛል፣ 1650 ለኤአይ ስሌት የተሠሩት ቴንሰር ኮሮች የሉትም። 3050 አሉት። ማታ የተነሱ 40 ፎቶዎች ቢኖሩኝ በ1650 ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ 3050ን ወሰንኩ። ዲኖይዝ የማይነካ ሰው ግን 1650 ያገኘ እንደሆነ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመግዛቴ በፊት በማስመሪያ ኬዙን ለካሁ። ከኋላ ሳህኑ ጀምሮ እስከ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫው ድረስ። ስለ ስክሪኔም አሰብኩ፣ ቪጂኤ ገመድ ብቻ የሚቀበል ነበርና። አዲሶቹ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም፣ የሚያወጡት ዲጂታል ብቻ ስለሆነ ተራ ማገናኛ አይሠራም፣ ሲግናሉን የሚቀይር አክቲቭ የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። እኔ ግን ፎቶ በዚያ ስክሪን ማረም አልፈለግኩም፣ ኤችዲኤምአይ ያለው ቀየርኩ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሻጩ ፊት ክፈቱ። አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ ያለው ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ የተጻፈበትን ስም አምኖ ያሳያችኋል፣ ጂፒዩ-ዚ ግን ቺፑን አይቶ ሐሰተኛ ከሆነ ስሙ ፊት ለፊት ይጽፍበታል።

ገጠማው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ የብረት ክፈፉን በእጄ ነክቼ፣ ካርዱን በሁለት ጣት ጫን ሳደርገው የስሎቷ መቆለፊያ ቀጭ አለች። ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረና ልቤ ቆመ። ለካ ገመዱን የሰካሁት ማዘርቦርዱ ላይ ባለው በድሮው ቀዳዳ ነው። ወደ ካርዱ ሳዛውረው መጣ። ድራይቨሩን ስቱዲዮ የሚለውን መረጥኩ፣ የጌሙን ሳይሆን። ለፎቶና ቪዲዮ ፕሮግራሞች የተፈተነው እሱ ነው።

ዲኖይዝ አሁን ለአንድ ፎቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ከማታ ፎቶዎቼ የመጀመሪያውን ሳይ፣ ያ ሁሉ ነጠብጣብ ከተነሳው ሰው ፊት ላይ ጠፍቶ የዓይኑ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ሲታይ አንጀቴን አራሰኝ።

ያልተለወጠም አለ። ፎቶሾፕ ላይ ብዙ ሌየር ስከፍት የሚጨንቀው አሁንም ራሙ ነው፣ ካርዱ ቁጭ ብሎ ያያል። በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነም ፕሮግራማችሁ ካርድ ይጠቀም እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ዳርክቴብል የሚባለው የሮው ማረሚያ ኦፕንሲኤል በሚባል ዘዴ ካርዱን በደንብ ያሠራዋል፣ ሮውቴራፒ ግን ሁሉንም በፕሮሰሰር ነው የሚሠራው፣ የፈለገውን ካርድ ብትሰኩ አይፈጥንም። እኔም ጋ ፎቶ አስገብቼ ፕሪቪው ሲያዘጋጅ ፕሮሰሰሩ እንደ ድሮው አራቱም ኮር መቶ ላይ ነው። እሱን ማታ ከመተኛቴ በፊት አስጀምሬው እሄዳለሁ፣ ጠዋት ስመጣ ጨርሶ ይጠብቀኛል።