ላይም ሪጂስ ገደል ስር ያገኘነው ጥምዝ ነገር

ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ላይም ሪጂስ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። እዚያ ብዙ ሰው ቅሪተ አካል ፍለጋ አንገቱን ደፍቶ ድንጋይ ሲያይ ነው የሚውለው። እኔና ጓደኛዬም የሄድነው ለዚሁ ነው።

ከላይም ቻርማውዝ እስከምትባለው ጎረቤት መንደር ድረስ በባሕሩ ዳር በእግር ይኬዳል። ግን ውኃው ሲሸሽ ብቻ። ሰዓቱን ሳያይ የገባን ሰው ውኃው ሲመለስ ከገደሉ ጋር ያጣብቀዋል፣ ገደሉ ደግሞ የሚጠጉት ዓይነት አይደለም፤ ግራጫ የኖራ ድንጋይና ጥቁር ጭቃማ ድንጋይ በየተራ ተነባብረው የቆሙበት፣ ዝናብ ሲጠጣ የሚናድ ነገር ነው። ሜሪ አኒንግ ዕድሜዋን ሙሉ ቅሪተ አካል የለቀመችው እዚሁ ስር ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 ወንድሟ የኢክቲዮሳውር፣ ዓሣ የሚመስል የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳ፣ ራስ ቅል አገኘ፣ በዓመቱ እሷ ቀሪውን አጽም አገኘች፤ ገና ልጅ ነበረች። በ1823 ደግሞ ፕሌሲዮሳውር የሚባል አንገተ ረጅም የባሕር ተሳቢ ሙሉ አጽም። በ1833 ናዳ ውሻዋን ገደለባት፣ እሷ ለጥቂት ተረፈች። በ2022 ሐውልት ሲቆምላት ውሻዋንም አብረው ሠርተውላታል፣ ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ።

አሁን እኛ ወዳገኘነው ድንጋይ ልምጣ። ከገደሉ ወድቆ ባሕሩ ያንከባለለው፣ ሁለት ሰው ሆነን የማናነሳው ግራጫ ድንጋይ ነው። በአንድ ጎኑ ቡናማ ጥምዝ መስመር ብቅ ብሏል። ግማሹ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ውጭ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ተሰብሮ ሆዱ ይታያል።

«አሞናይት ነው!» አለች ጓደኛዬ ገና ከሩቁ።

አሞናይት ማለት ጥምዝ ቅርፊት የነበረው፣ አሁን የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው። አይፈረድባትም። እዚያ ዳርቻ ጥምዝ ነገር ካዩ አብዛኛውን ጊዜ አሞናይት ነው። እኔ ግን የሆነ ነገር አላማረኝም። ብዙዎቹ አሞናይቶች ላይ ጎላ ያሉ ሽንትሮች አሉ፣ ይሄ ልሙጥ ነው። አሞናይት ላይ የውስጠኞቹ ዙሮች አብዛኛውን ጊዜ እስከ መሃል ይታያሉ፣ እዚህ ግን የመጨረሻው ዙር ወፍሮ ሌሎቹን ውጧቸዋል።

«ታዲያ አጥንት ይሆን?»

አይደለም። የኢክቲዮሳውር የጀርባ አጥንት ክብ ሆኖ በሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፣ ሲጠጉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የአጥንት ሥሪት ይታያል። ቤለምናይት የሚባለው የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪትም አይደለም፤ እሱ እንደ ጥይት የሾለ ነው።

መዶሻ የያዘ ሰው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ እጁን ይበላዋል። ግን ድንጋዩና ቅሪተ አካሉ አንድ ላይ ጠንክረዋል፣ ሲመታ የሚሰነጠቀው በፈለጉት በኩል አይደለም። እኛ የባሕር ውኃ አፈሰስንበት። ደረቅ ሳለ ሁሉም ግራጫ የነበረው ነገር ሲርስ ቀለሙ ተለየ። ከዚያ የስልኩን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርገን አበራንበት፤ ያኔ ትንሿም ጉብታ ጥላ ጣለች።

የተሰበረው ጫፍ ላይ ግድግዳዎች አሉ። እንስሳው ባደገ ቁጥር ከኋላው እየዘጋ የተዋቸው ክፍሎች ናቸው፣ ውስጣቸው በኋላ ካልሳይት በሚባል ማዕድን ተሞልቷል። ግድግዳው ከቅርፊቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ስፌት ይባላል። አሞናይት ላይ ስፌቱ እጥፍጥፍ ያለና ዳር ዳሩ የተዝረከረከ ነው። የኛው ግን ለስለስ ብሎ አንዴ ይታጠፋል፣ በቃ።

ከዚያ ቀዳዳዋን አየን። ግድግዳው መሃል ላይ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ክብ። ይቺ በክፍሎቹ ሁሉ የምታልፈው ቱቦ ናት፤ እንስሳው ከክፍሎቹ ፈሳሽ እየመጠጠ ክብደቱን የሚያስተካክልባት። አሞናይት ላይ ይህ ቱቦ የውጭውን ጠርዝ ተከትሎ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ ከሆነ ነገሩ ናውቲለስ ነው፣ እሱም ጥምዝ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ።

ጓደኛዬ «እሱማ አሁንም አለ አይደል?» አለች። ዘመዶቹ አሉ፣ ሕንድና ፓስፊክ ውቅያኖሶች ውስጥ ይዋኛሉ። አሞናይቶቹ ከዳይኖሰሮቹ ጋር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። የኛው ድንጋይ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፣ ያኔ ሁለቱም እዚያው ባሕር ውስጥ ነበሩ።

ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠን ከፊት፣ ከጎንና ከተሰበረው በኩል ፎቶ አነሳን። ቻርማውዝ የባሕር ዳር ቅርስ ማዕከል አለ፣ ያገኙትን ይዘው ቢሄዱ ያዩልዎታል። እዚያ ያገኘነው ሰው የጥምዙን ፎቶ፣ እኔ በጣም የኮራሁበትን፣ ገረፍ አድርጎ አለፈው። የቀዳዳዋን ፎቶ ሲያይ ግን ስልኬን ተቀብሎ አጎላውና «ናውቲለስ» አለ፣ ወዲያው ደግሞ የት ጋ እንዳገኘነው ጠየቀን። ጓደኛዬ ከኔ ቀድማ መንገሩን ጀመረች፣ አሞናይት ነው ያለችውን ግን ዘለለችው።