ዝርዝሩ ላይ ያልነበሩት

የካቶሊክ ቁምስናችን (የአጥቢያችን) ኃላፊ ካህን፣ ማለትም ቆሞሱ፣ «የዘንድሮን የዘመነ ምጽአት በጎ አድራጎት አንቺ ያዢልኝ» ሲሉኝ (ዘመነ ምጽአት ለገና የምንዘጋጅበት ወቅት ነው)፣ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ቤተክርስቲያን መግቢያው ላይ ዛፍ ይቆማል፣ ዛፉ ላይ ካርድ ይንጠለጠላል፣ ምእመኑ ካርድ ወስዶ ስጦታ ያመጣል፣ እኛ እናድላለን። አለቀ። ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2023 ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የጣለኝ ካላንደሩ ነው። ዘመነ ምጽአት አራት ሰንበት አለው ሲባል እኔ አራት ሳምንት ብዬ ቆጠርኩ። ግን የመጀመሪያው ሰንበት የሚውለው ለቅዱስ እንድርያስ በዓል፣ ማለትም ለኖቬምበር 30፣ በሚቀርበው እሑድ ነው። ገና ደግሞ ከዲሴምበር 25 ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዘመኑ አንዳንዴ 28 ቀን ይሆናል፣ አንዳንዴ 22። የ2023ቱ አጭሩ ነበር። ዲሴምበር 3 ጀመረ፤ አራተኛው ሰንበት ዲሴምበር 24 ላይ ዋለ። ጠዋት በየሰንበቱ አንድ ሻማ ከምናበራበት የአበባ ጉንጉን ላይ አራተኛውን አበራን፣ ማታ የልደት ዋዜማ ቅዳሴ ገባን። በመሃል ያለችው ጊዜ ሐምራዊውን ጨርቅ አንስቶ ነጩን ለማንጠፍም አልበቃችም። እኔ ግን ዕቅዴ ላይ «አራተኛው ሳምንት፦ ዕደላ» ብዬ ጽፌያለሁ። አራተኛ ሳምንት የሚባል ነገር የለም! ሁሉም ነገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላይ ተደራረበ።

ሁለተኛው ነገር ካርዶቹ ናቸው። ስልሳ ያህል ካርድ ጽፈን ነበር፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የሚፈለገው ነገር። የትንንሽ ሴት ልጆቹ በመጀመሪያው እሑድ አለቁ። ሰው ከመሽቀዳደሙ የተነሳ «የአራት ዓመት ልጅ ካርድ የለም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ዛፉ ላይ የቀሩት የጎረምሶችና የሽማግሌ ወንዶች ካርዶች ብቻ ነበሩ። «የ16 ዓመት ወንድ፣ ጫማ 43» የሚለውን ማንም አንስቶ እንኳ አላየውም።

ሦስተኛውን ጥፋት ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። በዕደላው ቀን አዳራሹ ውስጥ ሰልፉ ረዝሞ ሳይ ደስ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና የቁምስናው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ማታ አንዲት እናት ደወሉልኝ። አልጮሁም። «ልጄ ሰልፉ ላይ ቆሞ የክፍል ጓደኛው አይታዋለች» አሉኝ። ፎቶውን ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን ያየው አይቶታል። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ፤ ቀጥለውም «በሚመጣው ዓመት ግን አልመጣም።»

ጃንዋሪ ላይ ለግምገማ ስንቀመጥ እኔ ስለ ካርድና ስለ ካላንደር ብዙ ለማውራት ተዘጋጅቼ ነበር። ድኾችን በሚረዳው በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው ሴት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ዝርዝሩን ከየት አመጣሽው?»

ቢሮ መጥተው ከጠየቁት ነዋ፣ አልኩ።

«ያልጠየቁትስ?»

መልስ አልነበረኝም። ዝርዝሬ ላይ የነበሩት በር ማንኳኳት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። የቁምስናው ጸሐፊ የሚያውቃቸው፣ ደብዳቤ ማጻፍ የሚያውቁ፣ የጠየቁበት ዓመት ተሳክቶላቸው የተመለሱ። ሌላው ሰው እኛ ዘንድ የለም ማለት ነው።

እውነት ለመናገር፣ በዚያ ዓመት ጉልበታችን የፈሰሰው ወደ ግርግሙ፣ ማለትም ለገና ወደምንሠራው የልደት በረት ነበር። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ግሬቾ በምትባለው የጣሊያን መንደር የልደትን ትዕይንት ያሳየው በ1223 ስለነበር 800 ዓመቱ ነው ተብሎ የኛ በረት ከመቼውም ይልቅ ሰፋ። መብራት ተሳበ፣ ምስሎቹ እንደገና ተቀቡ። በኋላ ሳነበው የግሬቾው ሌሊት ምንም ሐውልት አልነበረውም። ድርቆሽ የተሞላ ግርግም፣ በሬና አህያ፣ እዚያው ላይ የተቀደሰ ቅዳሴ፣ ችቦ ይዞ የመጣ የአካባቢው ሕዝብ። እኛ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የእረኞቹን ካባ ስንቀባ ከረምን።

ለ2024 ሥራውን ከመዝገብ ጀመርነው። ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ የእትዬ ነው። የቤተክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፤ ቁጥር 535 ላይ ተጽፏል። ከሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ቁጥር 529 ደግሞ ቆሞሱ ቤተሰቦችን እንዲጎበኝ፣ ድኾችን፣ ያዘኑትን፣ ብቸኞችንና ከአገራቸው የተሰደዱትን ፈልጎ እንዲያገኝ ይላል። ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ አንብቤ አላውቅም ነበር። መዝገቡ ለምስክር ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጸሐፊያችን የሙታን መዝገቡን ከቁም ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። አንዳንዱ ገጽ በሰማያዊ ቀለም፣ አንዳንዱ በጥቁር ተጽፏል። የአንድ ሰው ስም ላይ ውሃ ፈስሶ ፊደሎቹ ተንዘርፍጠዋል። ካለፈው ዘመነ ምጽአት ወዲህ ያሉትን ብቻ በጣታችን እየተከተልን ቆጠርን፤ ሃያ ሦስት ቀብር። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ አለ። ከቀብሩ በኋላ ስንቶቹ ጋ እንደተደወለ ጠየቅኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ገጹን ገለበጠች።

ከዚያ ቅዱስ ቁርባን ቤታቸው የሚወሰድላቸውን የሕሙማን ዝርዝር ጨመርን። በመጨረሻም የጥምቀት መዝገቡን። ልጃቸውን ካስጠመቁ ወዲህ ያልታዩ ወላጆች ሞልተዋል። (አንዱ አባት ስደውልለት ጥፋተኛ መሆኑን በራሱ አምኖ ያላልኩትን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ የደወልኩት ልጁ እንዴት ነው ለማለት ነበር።)

ከመዝገቦቹ ያገኘናቸውን ሰዎች ቤታቸው ሄደን መጎብኘት የጀመርነው ኖቬምበር 17 ነው። የዓለም የድኾች ቀን የሚባለው በዚያ ዓመት የዋለው በዚያ ቀን ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 የደነገጉት፣ ከ2017 ጀምሮ የሚከበር ቀን ነው። ከዘመነ ምጽአት ልክ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ስለሚውል ለሥራ ይመቻል። ጊዜ ያጠራት ቀና ብላ ካላንደር ታያለች!

የምንሄደው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። ይህም የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ወግ ነው። ፍሬዴሪክ ኦዛናምና ጓደኞቹ በ1833 ፓሪስ ውስጥ ማኅበሩን ሲጀምሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ የድኻ ቤት እንዴት እንደሚገባ ያስተማረቻቸው እህት ሮዛሊ ሮንዱ የምትባል መነኩሲት ናት። እትዬ ለኛም ያስተማሩን ያንኑ ነው። አስቀድማችሁ ደውሉ። ተቀመጡ ሲሏችሁ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ነገር ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ። ይህን የመጨረሻውን ለመቀበል ተቸገርን። ባዶ እጅ መግባት ያሳፍራል። እትዬ ግን ፌስታል ይዘሽ ከገባሽ ሰውየው የሚያወራው ከፌስታሉ ጋር ነው ይላሉ።

አጠያየቃችንንም መቀየር ነበረብን። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቤቶች «ለገና ምን ያስፈልግዎታል?» ብለን ጠየቅን። አምስቱም «ምንም» አሉ። ስድስተኛው ቤት ላይ አብራኝ የነበረችው ልጅ ደንግጣ ነው መሰለኝ «ያለፈውን ገና እንዴት ዋሉ?» አለች። ሴትየዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅንም።

አንድ አዛውንት አሉ። ባለቤታቸውን የቀበሩት በፋሲካ ሰሞን ነው። ቤታቸው ምንም አልጎደለውም፤ ልጆቻቸው ይረዷቸዋል። ከቀብሩ ወዲህ ግን ቤተክርስቲያን መጥተው አያውቁም። ምክንያቱ ሐዘን ነው፣ ወይ ጉልበት ነው ብዬ ነበር። እሳቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ቦታ የምትይዘው እሷ ነበረች። እኔ ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው የምገባው። አሁን ገብቼ የት ልቀመጥ?»

ፈገግ ብለው ነው ያሉት። ግን መልስ እየጠበቁ ነበር።

እኔም እንደ ጥሩ አስተባባሪ «ስምዎን ጽፈን ወንበር እናስይዝልዎታለን» አልኩ። «የታሸገ ወንበር አልፈልግም» አሉ። ልክ ናቸው። እዚያ ወረቀት ያለበት ወንበር ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከሰልፉ ፎቶ በምን ይለያል? በመጨረሻ ቤታቸው አቅራቢያ ያለ አንድ ቤተሰብ በዋዜማው ቅዳሴ ቀድሞ ገብቶ በአግዳሚው ጫፍ ቦታ እንዲይዝላቸው ተስማማን። በገና ሌሊት ቦታ መያዝ ቀልድ አይደለም። የቤቱ ትንሽ ልጅ ጃኬቱን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ የሚመጣውን ሁሉ «ተይዟል» እያለ ይመልሳል። አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው ዘግይተው፣ ምንባቡ ከተጀመረ በኋላ ገቡ። ልጁ ጃኬቱን አነሳ። የልደት ቀን ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ሰው ሆነ» ወደሚለው ስንደርስ ሁሉም ይንበረከካል፤ በሌሎች እሑዶች ግን ራስ ዝቅ ማድረግ ነው። እሳቸው ጉልበታቸው አይታጠፍላቸውም። ቆመው ልጁ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ።

ዛፉን አልተውነውም፤ ካርዱን ግን ቀየርነው። ስም የለም፣ በስም ፈንታ ቁጥር ነው። ስጦታው ሳይጠቀለል ይመጣል፣ ወላጅ በተቀጠረበት ሰዓት መጥቶ ከመጠቅለያ ወረቀቱ ጋር ይወስዳል፣ ቤቱ ራሱ ጠቅልሎ ለልጁ ይሰጣል። ልጁ ስጦታውን ከእናቱ ነው የሚያገኘው፤ እኛን አያየንም። ሰልፍ ቀረ፣ ስልክም ከአዳራሹ ውጭ ይቀራል። የደወሉልኝ እናት እንዳሉት አልመጡም። ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ ሻይ ቤት እንደተገናኘ ሰው በሩ ላይ ቆመን ስለ ትምህርት ቤት አወራንና ተለያየን።

ስለ ሻማው የአበባ ጉንጉን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሥራችን ጠቅሞናልና። ብዙ ካቶሊክ የኛ ጥንታዊ ሥርዓት ይመስለዋል። የጀመረው ግን ዮሃን ሂንሪክ ቪኸርን የሚባል የሉተራን ፓስተር ነው፤ በ1839፣ ሐምበርግ ውስጥ፣ ለድኻ ልጆች ባቋቋመው ቤት። ልጆቹ ገና መቼ ነው እያሉ ስለሚነዘንዙት በየቀኑ አንድ ሻማ ያበራላቸው ነበር። ይህን ለቁምስናው ምክር ቤት ስነግር አንዱ አባል ገረመውና የጎረቤት ፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ሰዎችን እንጥራ አለ። መጡ። ከኛ የተሻለ የስልክ ዝርዝር አላቸው።

የከበደኝ ከገና በኋላ ያለው ነው። ለኛ የልደት ዘመን የሚያበቃው በጌታ ጥምቀት በዓል ነው፤ በዚያ ዙር ጃንዋሪ 12 ነበር። ስጦታም ሰውም የሚበዛው ከዲሴምበር 25 በፊት ነው። ስለዚህ የጉብኝቱን ግማሽ ሆን ብለን ወደ ኋላ አዛወርነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከአሥራ ስምንት አገልጋይ ግን አምስት ቀረን። የቀረው ዕረፍት ላይ ነው፣ ታሟል፣ ስልክ አያነሳም። አልፈርድም፤ እኔም ዲሴምበር 26 ቀኑን ሙሉ ተኝቻለሁ። ሰው ለማግኘት ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያ መለመን ዋጋ የለውም። ማስታወቂያ ሲነበብ ግማሹ ቦርሳውን እየሰበሰበ ነው። አንድ ሰው ፊት ቆሞ «ሐሙስ በአሥር ሰዓት ከእኔ ጋር ትመጣለህ?» ማለት ነው የሠራው። አሁን የጃንዋሪዎቹን ሰዎች ገና ሴፕቴምበር ላይ በስም እይዛቸዋለሁ።

ዘንድሮም የሙታን መዝገቡን እያየሁ ነው። ካርዶቹም ተጽፈዋል። የጎረምሶቹን ከፊት፣ በዓይን ትይዩ፣ የሕፃናቱን ከኋላ እንስቀል ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ባለፈውም እንዲሁ አድርገን ነበር፣ ሰው ዛፉን ዞሮ ከኋላ ወሰደ። «የ17 ዓመት ወንድ፣ ጫማ 44» የሚለው እንደገና ቀርቶ እኔው ወሰድኩት። ቁጥሩን ሳይ ያው ልጅ ይመስለኛል፤ እግሩ አድጓል።