በቀቀን ምግብ እምቢ ስትል፦ ከማጉረስ በፊት ሚዛንና ሙቀት

የበቀቀን ሳህን ያሳስታል። ወፏ ዘሩን በምንቃሯ ፈልፍላ ፍሬውን ትውጥና ገለባውን እዚያው ስለምትጥለው፣ ባዶ ሳህን ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። እፍ በሉበት፤ የሚበረው ገለባ ነው፣ የሚቀረው ምግብ። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ የታመመች በቀቀን ሳህኑ ላይ ቆማ ስትፈለፍል ትውልና አንዲት ፍሬ እንኳ ሳትውጥ ይመሻል። በዱር ደክሞ መታየት የአዳኝ ሲሳይ ስለሚያደርግ፣ እነዚህ ወፎች ሕመማቸውን አቅም እስኪያጡ ድረስ ይደብቃሉ።

ስለዚህ የሚታመነው ሚዛን ነው። 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጠዋት የመጀመሪያውን ኩስ ከጣለች በኋላ፣ ምግብ ሳትቀምስ መዝኑና ጻፉት። ባጂ የሚባለው ትንሹ የበቀቀን ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ኮካቲል የሚባለው ጉትያ ያለው ዓይነት ከ80 እስከ 100፣ የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ደግሞ ከ400 እስከ 500 ግራም ይመዝናሉ፤ ዋናው ግን የራሷ የወትሮ ክብደት ነው። ከዚያ ላይ 10 በመቶ ከጎደለ በዚያው ቀን ሐኪም ያስፈልጋል። ለ35 ግራም ባጂ ይህ 3.5 ግራም ብቻ ነው፣ በላባው ላይ ዓይን ሊያየው አይችልም። ሚዛን ከሌለ ደረቷን በጣት ዳብሱ፦ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ሾሎ ከወጣ፣ ግራና ቀኙ ያለው ሥጋ አልቋል ማለት ነው።

ከኬጁ ሥር ያለውን ምንጣፍ አንስታችሁ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ጤነኛ ኩስ ሦስት ነገር አለው፦ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጠጣር፣ ነጭ ክፍልና ጥርት ያለ ፈሳሽ። ያልበላች ወፍ ኩስ ቁጥሩ ያንሳል፣ መጠኑ ይኮሰምናል፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል። ነጩ ክፍል ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ጉበት ይጠረጠራል። ያልተፈጨ ዘር እንዳለ ከወጣ ችግሩ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው። ፍራፍሬ የበላች ወፍ ግን ኩሷ ስለሚቀጥን በእሱ ብቻ አትደንግጡ።

ወደ ምግብ ከመሄድ በፊት አሙቋት። ላባዋን ነፍታ የተቀመጠች ወፍ ያላትን ጉልበት ሁሉ ሰውነቷን ለማሞቅ እየጨረሰችው ነው። በኬጁ አንድ ወገን፣ ከውጭ በኩል፣ ማሞቂያ አድርጉና መቆሚያ እንጨቷ አጠገብ ሙቀቱን ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሱት፤ ሦስቱን ጎን በጨርቅ ሸፍኑ። ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ይበል፣ ሲበዛባት እንድትሸሽ። ምንቃሯን ከፍታ ካለከለከችና ክንፏን ከሰውነቷ ካራቀች በዝቶባታል። ከሰልና ጋዝ አይሞከርም። አንዳንድ የማሞቂያ አምፖል እንደ ቴፍሎን መጥበሻ ዓይነት ሽፋን አለው፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ከሞቀች በኋላ የምታውቀውንና የምትወደውን ስጧት። አመጋገብ የሚታረምበት ጊዜ አይደለም። ከነዘለላው ያለ ሚሌት (ዘሩ ደቃቅ የሆነ እህል)፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ለብ ያለ የተቀቀለ ስኳር ድንች ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። መቆሚያውን ዝቅ አድርጉ፣ ምግብና ውኃውን አንገቷን ሳትዘረጋ በምትደርስበት አስጠጉ። እናንተም ፊቷ ተቀምጣችሁ ብሉ፤ በቀቀን በመንጋ ስለምትበላ ሌላው ሲበላ ይነሳሳል። ወተት፣ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርትና ጨው የበዛበት ነገር አታቅርቡ። ከሰሞኑ ዘሩን በፔሌት (ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ በተሠራ የወፍ ምግብ) በአንድ ጊዜ ቀይራችሁ ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት እሱ ነው፦ ብዙ በቀቀኖች ፔሌት ምግብ መሆኑን አያውቁም፣ አጠገቡ ሆነው ይራባሉ። ዘሩን መልሱ፤ ቅያሬው በሳምንታት፣ በየቀኑ እየተመዘነ ይሁን።

በሲሪንጅ በግድ ማጉረስ ደግሞ ብዙ ወፍ የጨረሰ ደግነት ነው። የአየር ቧንቧዋ በር ከምላሷ ሥር ነው፤ የተሳሳተ ጠብታ በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ሐኪም የሚመግበው ቱቦ አሳልፎ ጉሮሮዋ ሥር ወዳለው የምግብ ቋት ነው። ያም ምግብ ከ43 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ቋቱን ያቃጥላል፤ ማይክሮዌቭ ደግሞ አንዱን ቦታ አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል። ቋቱ ሌሊቱን ባዶ መሆን ሲገባው ጠዋት ሊጥ መስሎ ካበጠ፣ የትናንቱ ምግብ እየኮመጠጠ ነውና ላዩ ላይ መጨመር ይጎዳታል። የሰው አንቲባዮቲክ ውኃዋ ውስጥ መበጥበጥም ፋይዳ የለውም፤ የታመመች ወፍ ትንሽ ነው የምትጠጣው፣ ሲመር ጭራሽ ትተወዋለች።

መንስኤውን ስትፈልጉ አፏ ውስጥ ነጭ ንጣፍ፣ ያለ ልክ ያደገ ምንቃር፣ የታኘከ ሽቦ ወይም ቀለም ተመልከቱ፤ በውስጣቸው ሊኖሩ የሚችሉት ዚንክና እርሳስ የተባሉ ብረቶች ይመርዛሉ። ሴት ከሆነች ወለል ላይ ተቀምጣ ማማጥ እንቁላሉ አልወጣ ብሎ ውስጧ መቀርቀሩን ያሳያል። "ከፍቷት ነው" የሚለውን የመጨረሻ አድርጉት። ሲታኮሲስ የሚባለው የወፍ በሽታ ሰውም ስለሚይዝ፣ ኩሱን ከማጽዳት በፊት በውኃ አርጥቡ፣ ጭንብል አድርጉ፤ ከቤተሰቡ ትኩሳትና ደረቅ ሳል የጀመረው ሰው ካለ ቤት ውስጥ በቀቀን እንዳለ ለሐኪሙ ይናገር።

ምንቃሯን ከፍታ የምትተነፍስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጅራቷ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም ወለል ላይ የወደቀች ወፍ ሚዛንም አይጠበቅባትም። ባጂን የሚያህል ትንሽ ወፍም ቀኑን ሙሉ ካልበላች እስከ ነገ አታቆዩ። በትንሽ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፋችሁ፣ ሞቅና ጨለም አድርጋችሁ ውሰዷት። የውኃ ሳህን መንገድ ላይ ተደፍቶ ያበርዳታልና ይቅር። የዕለቱን ኩስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ክብደቱን የጻፋችሁበትንና የምትበላውን ምግብ ይዛችሁ ሂዱ።